የቡድሃን ታሪክ በግዕዝ ያስነበቡት እጨጌ ዕንባቆም

በርትኛ፣ አማርኛ፣ አረብኛና ሌሎች ቋንቋዎች ጎን ለጎን በሚነገሩባቸው እንደ አሶሳ ባሉ ከተሞች፣ የአንዱን ወገን ሐሳብ ሳያዛባ ለሌላው የሚያደርስ ተርጓሚ ያለው ዋጋ ከፍተኛ ነው። በኢትዮጵያ የትርጉም ሥራ ታሪክ ቀዳሚ ሥፍራ ከሚሰጣቸው ሊቃውንት መካከል በ16ኛው ምዕተ ዓመት የኖሩት እጨጌ ዕንባቆም አንዱ ናቸው። ከሕንድ የተነሳው የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ብዙ አገሮችን አቋርጦ በግዕዝ ለመነበብ የበቃው በእርሳቸው ብዕር ነው።

ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1470 አካባቢ በየመን የተወለዱ ሲሆን፣ የቀድሞ ስማቸው አቡል ፈትህ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ በኋላ ክርስትናን ተቀብለው በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሱ። ግዕዝን ጠንቅቀው በመማርም የገዳሙ 11ኛ እጨጌ ለመሆን በቁ። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው በአገሪቱ ካሉት ታላላቅ ገዳማት የአንዱ አለቃ መሆኑ ለዕውቀታቸው የተሰጠውን ክብር ያመለክታል።

ይሁን እንጂ የሹመት ዘመናቸው ሰላም የሰፈነበት አልነበረም። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ በታማኝነት ጉድለት ተከሰው ለግዞት ተዳረጉ፤ በኋላም ምሕረት ተደረገላቸው። ብዙም ሳይቆይ የኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ጦርነት አገሪቱን አዳረሰ። ደብረ ሊባኖስም እ.ኤ.አ. በ1531 ተቃጠለ። ዕንባቆም በ1540 ገደማ አንቀጸ አሚን የተሰኘውን ድርሰታቸውን ለኢማሙ በደብዳቤ መልክ በአረብኛ ጻፉ። ክርክራቸውን ያቀረቡት ቁርዓንን እያጣቀሱ ሲሆን፣ በኋላም ድርሰቱን ወደ ግዕዝ መልሰውታል።

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1543 በኢማሙ መሞት ካከተመ በኋላ አገሪቱን የመጠገኑ ኃላፊነት በዐፄ ገላውዴዎስ ላይ ወደቀ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍቶቻቸው ነድደው ነበርና፣ የጠፋውን መተካት አንዱ የዘመኑ ተግባር ሆነ። በዚህ ወቅት ነበር በዕድሜ የገፉት ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 በረላም ወይዋስፍ የተባለውን መጽሐፍ ከአረብኛ ወደ ግዕዝ የተረጎሙት።

መጽሐፉ ይዋስፍ ስለተባለ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ይተርካል። አባቱ ልጁ ዓለምን እንዳይንቅ በመስጋት፣ ሕመምና እርጅና ከማይታዩበት ቤተ መንግሥት ውስጥ ያሳድገዋል። ልዑሉ ግን አንድ ቀን ሲወጣ ሕመምተኛና ሽማግሌ ያያል፤ ልቡም ይታወካል። በረላም የተሰኘው ባሕታዊ ነጋዴ መስሎ ወደ እርሱ በመግባት በምሳሌ ያስተምረዋል፤ ልዑሉም በመጨረሻ ዙፋኑን ትቶ ይመንናል።

ከምሳሌዎቹ አንዱ ከአውሬ ሲሸሽ ገደል ውስጥ ገብቶ በአንድ ዛፍ ላይ ስለተንጠለጠለ ሰው ይናገራል። ከሥሩ ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ ሌሊትና ቀን የሆኑት ጥቁርና ነጭ አይጦች ደግሞ የዛፉን ሥር ይበላሉ። ሰውየው ግን ከቅርንጫፉ የሚንጠባጠበውን ማር እየላሰ ሁሉንም ይረሳል።

ሌላው ምሳሌ መኳንንቱን ስላስተማረ ንጉሥ ነው። ንጉሡ ቡትቶ ለለበሱ ባሕታውያን ከሠረገላው ወርዶ በመስገዱ መኳንንቱ ቅር ተሰኙ። እርሱም አራት ሣጥኖች አሠራ። ሁለቱን በወርቅ ለብጦ የበሰበሰ አጥንት ሞላባቸው፤ ሁለቱን ደግሞ ቅጥራን ቀብቶ የከበሩ ድንጋዮች አኖረባቸው። ዋጋቸውን እንዲገምቱ ሲጠየቁ መኳንንቱ የወርቁን አስበለጡ፤ ሣጥኖቹ ሲከፈቱ ግን አፈሩ።

ምንጩ ሕንዳዊ የሆነው ይህ ታሪክ በመካከለኛው እስያ በኩል አልፎ ወደ አረብኛ ገባ። ከዚያም ወደ ጆርጂያኛና ወደ ግሪክኛ ተሻግሮ ክርስቲያናዊ መልክ ከያዘ በኋላ ዳግመኛ ወደ አረብኛ ተመለሰ። በጉዞውም ላይ የቡድሃ መጠሪያ የሆነው ቦዲሳትቫ በአረብኛ ቡዳሳፍ ተባለ። የአረብኛው በ ፊደል አንድ ነጥብ ሲጨመርበት የ ስለሚሆን፣ ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆነ፤ በግዕዝም ይዋስፍ ተብሎ ተጻፈ። የአውሮፓ ምሁራን የታሪኩ ባለቤት ቡድሃ መሆኑን በጥናት ያረጋገጡት በ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው።

ዕንባቆም ሲተረጉሙ በእጃቸው የነበረው የክርስቲያን መጽሐፍ ነበር፤ የቡድሃን ስምም አላነሱም። ሆኖም ስምና ሃይማኖት በየአገሩ ሲለዋወጡ የማሩ ጠብታና የወርቁ ሣጥን ውበታቸው እንደተጠበቀ ደረሰ። ማርንም ሆነ ሹመትን ለሚያውቅ የኢትዮጵያ አንባቢም ምሳሌዎቹ ባዕድ አልሆኑበትም።

እጨጌ ዕንባቆም በ1560ዎቹ ዓመታት እንዳረፉ ይታመናል፤ ታሪካቸውም በገድላቸው ተጽፎ ይገኛል። የግዕዙ በረላም ወይዋስፍ እ.ኤ.አ. በ1923 በእንግሊዛዊው ምሁር ዋሊስ በጅ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ታትሟል። በዚህም ከእስያ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ታሪክ ከኢትዮጵያ ተነስቶ ለዓለም አንባቢ ለመቅረብ ችሏል።