የእቴጌ እሌኒ ጋብቻና ሥልጣን

የእንግሊዙ ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጻፈው የካንተርበሪ ተረቶች ውስጥ፣ አምስት ባል ያገባች አንዲት ሴት በትዳር ውስጥ የበላይነት የማን መሆን እንደሚገባው ትከራከራለች። በአገራችን ይኸው ጉዳይ ከመቶ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በተረት ሳይሆን በአንዲት እቴጌ ሕይወት ተፈትኗል። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እሌኒ የሐዲያ ገራድ ልጅ ነበሩ። ሐዲያ በእስላም ገዥዎች የምትመራ የንጉሠ ነገሥቱ ገባር አገር ስለ ነበረች፣ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ጋር የተፈጸመው ጋብቻ ገባሩን ከዙፋኑ ጋር የሚያስተሳስር ውል ነበር። እሳቸውም በክርስትና ጸንተው የቀኝ በዓልቲሐት ተብለው ተሾሙ። ይሁን እንጂ በዚያ ቤተ መንግሥት የንጉሥ ሚስት መሆን ብቻውን ዋስትና አልነበረም፤ የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ በሤራ ተጠርጥረው፣ በባላቸው ትእዛዝ ተገርፈው፣ በዚያው ሰበብ አርፈዋል።

እሌኒ ልጅ አልወለዱም። ዐፄ በእደ ማርያም በ1468 ሲነግሡ ግን በእናታቸው ምትክ አድርገው አከበሯቸው። የንጉሡ ዜና መዋዕል እቴጌይቱን የሚያመሰግናቸው በሃይማኖታቸው፣ በማእድ አሰናዳዳቸው፣ በመጻሕፍትና በሕግ ዕውቀታቸው፣ እንዲሁም የመንግሥትን ጉዳይ በማስተዋላቸው ነው። ጋብቻ የሰጣቸውን ክብር ከባላቸው ሞት በኋላ ያጸናላቸው ይህ ብልኀት ነው።

በ1508 ዐፄ ልብነ ድንግል ገና በልጅነታቸው ሲነግሡ፣ ያረጁት እቴጌ በሞግዚትነት መንግሥቱን መሩ። በቀይ ባሕር በኩል የሚመጣውን አደጋ አስቀድመው በማየት አርመናዊውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ማኑኤል ላኩ፤ በደብዳቤያቸውም የጦር ኅብረትና በሁለቱ ቤተ መንግሥታት ልጆች መካከል ጋብቻ እንዲደረግ ሐሳብ አቀረቡ። በወጣትነታቸው የውል መያዣ ሆነው የተዳሩት ሴት በእርጅናቸው ራሳቸው ውል አቅራቢ ሆኑ። ጋብቻው ባይፈጸምም፣ የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ምጽዋ ደረሱ።

እቴጌ እሌኒ ጥቂት ቆይተው ሲያርፉ በአገሩ ታላቅ ኀዘን ሆነ። በጎጃም ያሠሩት የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስማቸውን ይዞ ቆይቷል። ሥልጣናቸውን ዘወትር በባል፣ በእንጀራ ልጅና በእንጀራ ልጃቸው የልጅ ልጅ ስም እንጂ በራሳቸው ስም አልያዙም፤ የዘመኑ ሥርዓት ከዚያ በላይ አይፈቅድምና። የዕውቀታቸው ታላቅነት የሚለካው በዚያ ጠባብ ስፍራ በሠሩት ሥራ ነው።