እንዶድና ዶክተር አክሊሉ ለማ

ሳይንስ ከባሕር ማዶ በሚመጣ መሣሪያ ብቻ የሚሠራ ነው የሚል አሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ ሥር ሰዷል። የዶክተር አክሊሉ ለማን ሕይወት የመረመረ ግን ይህን አሳብ መጠራጠሩ አይቀርም።

አክሊሉ ለማ የተወለዱት በ1935 ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ካገኙ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሠሩ። በዚያም የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ።

በ1964 ስለ ቢልሃርዚያ ሊያጠኑ ዓድዋ ሄዱ። የዚህን በሽታ ዑደት ሁላችንም በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተምረነዋል። የትሉ እንቁላል ከሕመምተኛው ሰገራ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የተፈለፈለው ተውሳክ በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ ይበሳል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ ዑደቱ ይቋረጣል ማለት ነው።

በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥቡ ነበር። አክሊሉ ከማጠቢያው በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ ይልቅ በዝተው አዩ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው፥ ከአጣቢዎቹ አንዲቱን የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርባቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ጥቂት ቆይተው ሞቱ። አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር እነርሱንም ገዳይ ኖሯል።

ማስተዋል፥ ማነጻጸር፥ መሞከር፤ ሦስቱም የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ናቸው። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተደረገው ሙከራም ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አሉ።

የዕውቅናው መንገድ ግን ረዘመ። በኢትዮጵያ የተገኘው ውጤት ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች ብቻውን አልበቃ ብሎ፥ ተጨማሪ ምርመራ ለብዙ ዓመት ተጠየቀ። አክሊሉ ግን አልታከቱም። በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 ዐረፉ።

ይህን የምንጽፈው ለተግባር ነው። ከአሰላ በስተሰሜን በምትገኘው በኢተያ፥ በክረምት ዕረፍት ለታናናሾቻችን ሳይንስ ስናስከልስ፥ የቢልሃርዚያን ዑደት እንደ ዳዊት የሚደግም ልጅ አይታጣም። እናቱም ሐንዶዴ የምትለውን ተክል ጠባይ አሳምራ ታውቃለች። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ጣራ ሥር እያደሩ አይተዋወቁም። አክሊሉ ያደረጉት እነዚህን ማስተዋወቅ ነው። አጣቢዎቹ ተክሉን ያውቁ ነበር፤ እርሳቸው ዑደቱን ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ በሚመጣው ክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ ልጆቹን ደብተር ብቻ አናስደግማቸው። ወደ ወንዙና ወደ አጥሩ ሥር ይዘናቸው እንውጣ፤ ያዩትን ይንገሩን፥ የጠረጠሩትንም ይሞክሩ። ለፈተና የተሸመደደ ከፈተናው ጋር ይረሳል፤ በዓይን ታይቶ በእጅ የተሞከረ ግን ዕድሜ ልክ ይኖራል።