አባ ሳብራና የአትንኩኝ ሕግ

የዲላ ተማሪ ሆኖ ከጎንደር ማዶ ስለነበሩ መነኩሴ መጻፍ ምን አመጣው ትሉኝ ይሆናል። ምክንያት አለኝ። በትምህርት ክፍላችን ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ የዕደ ጥበብ ሰዎች ስንማር፣ እዚሁ ጎረቤታችን ሲዳማ ስላሉት ሸክላ ሠሪዎች ስለ ሀዲቾዎች፣ ስለ ወላይታ ቺናሻዎችና ስለ ከፋ ማንጆዎች ተወያይተን ነበር። ታሪኩ በሁሉም ዘንድ ይመሳሰላል። ብዙኃኑ ያገልላል፣ ጥቂቶቹ ይገለላሉ፤ ከእነሱ ጋር አይበላም፣ ጋብቻም የለም። ታዲያ አንድ ጓደኛችን፣ ጥቂቶቹ ራሳቸው ብዙኃኑን አትንኩን ያሉበት አገር የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። አለ እንጂ። የቤተ እስራኤል ሕግ እንዲያ ነበር። ያንን ሕግ እንዳቆሙ የሚነገርላቸው ሰው ደግሞ አባ ሳብራ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባ ሳብራ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ናቸው። ዘመኑ ለቤተ እስራኤል ክፉ ነበር። ከ1414 እስከ 1429 የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ በሰሜን፣ በወገራና በደምቢያ የነበሩትን መሪዎቻቸውን በጦር አሸንፈው፣ የክርስትና ጥምቀት የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ ይሁን ብለው ማወጃቸው ይነገራል። ፈላሻ የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። ሕዝቡ ዛሬ በዚህ ስም መጠራት አይወድም፤ ስሙም ያለ ምክንያት አልተጠላም። ርስት የሌለው ገበሬ ማለት እኮ በዚያ ዘመን በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ነው፤ ካልሆነም ብረት ቀጥቅጦ፣ ሸክላ ሠርቶ መብላት ነው። ቤተ እስራኤሎችም ቀስ በቀስ ወደዚያው ሄዱ። ወንዱ አንጥረኛና ሸማኔ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ ሆኑ።

ቀጥሎ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1434 ነገሡ። ንጉሡ በሃይማኖት ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። በጣዖት አምልኮ የጠረጠሯቸውን የገዛ ልጆቻቸውን ሳይቀር ክፉኛ ያስቀጡ እንደነበር የራሳቸው ዜና መዋዕል ይናገራል።

በዚህ ዘመን ነው አባ ሳብራ የሚመጡት። እንደ ቤተ እስራኤል ትውፊት ሰውየው በትውልድ ቤተ እስራኤል አልነበሩም፤ የክርስቲያን መነኩሴ ነበሩ። ወደ ቤተ እስራኤል አገር የሄዱትም ሕዝቡን ክርስቲያን ለማድረግ ነው ይባላል። ሊሰብኩ ሄደው ተሰብከው ቀሩ። እንዲያውም ብቻቸውን አልቀሩም። ጸጋ አምላክ የሚባል፣ ትውፊቱ የዘርዓ ያዕቆብ ልጅ ነው የሚለው፣ ተከታይ አገኙ። ንጉሡ በቁጣ ቢያሳድዷቸውም አምላክ ሰውሯቸው አመለጡ ይባላል። በመጨረሻም ከጎንደር በስተ ሰሜን ምዕራብ በጃንፈንቀራ፣ ሆሃርዋ በተባለ ቦታ ገዳም አቆሙ። የልዑሉን ነገር የሚያጠራጥር አድርገው የሚያዩ የታሪክ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ትውፊቱ ከባዶ ሜዳ የበቀለ አይመስለኝም፤ ልጆቹን የሚቀጣ ንጉሥ ባለበት ዘመን ከቤተ መንግሥት የሸሸ ልጅ ታሪክ መወራቱ አይደንቅም።

ይህ ነገር በአባ ሳብራ ብቻ የደረሰ አይምሰላችሁ። ከእሳቸው ቀደም ብሎ፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ ቆዝሞስ የሚባል ክርስቲያን መነኩሴ ወደ እነዚሁ ሰዎች ገብቶ ኦሪትን እንደጻፈላቸው፣ ኋላም ዓመፅ መርቶ እንደተገደለ የአባ ይፍቀረነ እግዚእ ገድል ይተርካል። ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ቤተ እስራኤል መግባት፣ ብርቅ ቢሆንም፣ የታወቀ መንገድ ነበር ማለት ነው።

አባ ሳብራ ሲገቡ ባዶ እጃቸውን አልገቡም። ምንኩስናን ይዘው ገቡ። በዓለም ላይ ካሉ የአይሁድ ማኅበረሰቦች መካከል መነኮሳት የነበሩት ቤተ እስራኤል ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መነኮሳቱ ቄሶችን አስተማሩ፣ የግዕዝ ጸሎቶችን አደራጁ፣ ሆሃርዋም ለብዙ ዘመን የትምህርትና የስግደት ቦታ ሆነ። ሁለተኛው ሥራቸው ግን ወደ ጥያቄያችን የሚመልሰን ነው፤ ሕዝቡን ከሌላው የሚለየው ሕግ።

ሕጉ በሰው አፍ አትንኩኝ ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የቤተ እስራኤል ሰው ገበያ ውሎ፣ ከክርስቲያን ወይም ከእስላም ጋር ተነካክቶ ሲመለስ፣ ወንዝ ወርዶ ገላውንና ልብሱን ሳያጥብ ቤቱ አይገባም። መንደሮቻቸው ወንዝ አጠገብ የሚቆረቆሩትም ለዚሁ ነው። ሌላው ሰው ያበሰለውን አይበሉም። እንግዳ ቢመጣ ለብቻው ይቀመጣል እንጂ ከቤተሰቡ ጋር አይቀላቀልም። ይሄው የመንጻት ሥርዓት በውስጣቸውም ይሠራ ነበር፤ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ከመንደሩ ዳር የመርገም ጎጆ ትገባለች፣ ሬሳ የነካ ሰው ለቀናት ይለያል። መነኮሳቱ ደግሞ ከሁሉ ይብሳሉ፤ የገዛ ወገናቸው እንኳ እንዳይነካቸው በድንጋይ አጥር ተከልለው፣ ምግባቸውን ራሳቸው አብስለው ይኖሩ ነበር። ባር ክሪቡስ የተባለ ተመራማሪ እነዚህን የገዳማት ፍርስራሾች አጥንቶ በ2022 መጽሐፍ አሳትሟል።

መሠረቱ ከየት ነው? ታልሙድ አይደለም፤ ቤተ እስራኤሎች ታልሙድን አያውቁትም ነበር። የሌላ አገር አይሁድ ረቢዎች ከአሕዛብ ጋር ስላለው ኑሮ ብዙ ደንግገዋል፤ አሕዛብ የነካውን ወይን፣ የጋገረውን ዳቦ፣ ያበሰለውን ወጥ ከልክለዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ ማዕድ ጋብቻን ያመጣል የሚል ፍራቻ ነው። ነገር ግን ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ የመንጻት ሕጎች አብዛኞቹ በተግባር ስለቀሩ፣ እንግዳ ሰው ጨብጦ ወንዝ መውረድ በእነሱ ዘንድ የለም። ቤተ እስራኤሎች ግን ዘሌዋውያንንና የዘኍልቍን 19ኛ ምዕራፍ እንደተጻፈው ይዘው ቆዩ። ኩፋሌም አለ። በ22ኛው ምዕራፍ አብርሃም ያዕቆብን ከአሕዛብ እንዲለይ፣ ከእነሱም ጋር እንዳይበላ ያዘዋል። ኩፋሌን ደግሞ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ከቅዱሳት መጻሕፍት ትቆጥረዋለች። መነኩሴው ሳብራ ወደ ቤተ እስራኤል ሳይገቡ በፊትም ሊያውቁት የሚችሉት መጽሐፍ ነው።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመልሰው። እዚህ ዲላ ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊም እንግዶች ሥጋው ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይሠራል። ማንም አይቀየምም። ሥጋው ይለያያል እንጂ ቡናው አንድ ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ቡና ጠጡ ብሎ ይጠራል። አትንኩኝ ቡናውንም ይከለክላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ይሁንና ሕጉ ንግድን አልከለከለም። የክርስቲያኑ ገበሬ ማረሻ ከቤተ እስራኤል አንጥረኛ፣ ሚስቱም ማሰሮዋን ከቤተ እስራኤል ሴት ትገዛለች። በክርስቲያኑም በኩል ቢሆን አንጥረኛ ቡዳ ነው የሚል ፍርሃት ስላለ መነካካቱን የሚናፍቀው አልነበረም። ስለዚህ አጥሩ ሁለት ነበር ማለት ይቻላል። አንዱን ብዙኃኑ ከውጭ፣ ሌላውን አባ ሳብራ ከውስጥ አጠሩት፤ ገበያው መሐል ላይ ቀረ።

የኔ አስተያየት ይህ ነው። ሰባኪ እንዴት እንደሚገባ የሚያውቀው ሰባኪ የነበረ ሰው ነው። ሰባኪ በር አንኳኩቶ፣ ማዕድ ቀርቦ፣ ልጅ ባርኮ ነው የሚገባው። ማዕዱና ንክኪው ከተዘጋ ስብከቱ ደጅ ይቀራል። አባ ሳብራ ራሳቸው የመጡበትን በር ዘጉት። ርስቱን የተቀማ፣ በጦር የተሸነፈ ሕዝብ ከዚያ በኋላ ከ500 ዓመት በላይ ሳይሟሟ መቆየቱ ያለዚህ ሕግ ይቻል ነበር ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። የተጠመቀ ልጅ ከእናቱ ገበታ ይቀራል፤ በክረምት ብርድም ቢሆን ገበያ የዋለ ሰው ወንዝ ይወርዳል።

ሕጉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደንብ ተፈተነ። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1840ዎቹ የሆሃርዋውን መነኩሴ አባ ይስሐቅን ስለ ሥርዓታቸው ጠይቆ ሲጽፍ፣ ምንኩስናውም መንጻቱም በቦታው ነበር። በ1860 ደግሞ ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚስዮናዊ መጣ። የሚገርመው፣ ስተርን አይሁዳዊ ሆኖ ተወልዶ ክርስቲያን የሆነ ሰው ነው፤ አባ ሳብራን ገልብጣችሁ ያዙት። ስተርንና ባልደረባው ፍላድ ጥቂት ሰዎችን አገኙ፣ የተጠመቁት ግን ከወገኖቻቸው ተለዩ። በ1862 አባ ማሃሪ የሚባሉ መነኩሴ ሕዝቡን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም እንሂድ ብለው ተነሡ፤ ትግራይ ሲደርሱ በረሃብና በበሽታ ብዙ ሰው አለቀ፣ የተረፈው ተመለሰ። ስተርን በበኩሉ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተጣልቶ መቅደላ ታሰረ።

አጥሩን የናደው ግን ሚስዮናዊ አይደለም። ከ1888 እስከ 1892 የነበረው ክፉ ቀን ነው። የተራበ ሰው ወጡን ማን እንደሠራው አይጠይቅም። ብዙዎች ተበተኑ፣ መነኮሳቱም ተመናመኑ። ከ1904 ጀምሮ ዣክ ፋይትሎቪች የተባለ ምሁር እየተመላለሰ ሥርዓታቸውን ከዓለም አይሁድ ጋር ለማስማማት ጣረ፤ ምንኩስናን ጭምር አልወደደውም። ትምህርት ቤትም፣ ከተማም፣ አብዮትም ተከተሉ።

ከዚያ በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄደ። እዚያ የጠበቃቸውን ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። የእስራኤል ዋና ረቢዎች መሥሪያ ቤት ቤተ እስራኤሎች ለጥንቃቄ ያህል፣ ልክ አዲስ ወደ አይሁድነት እንደሚገባ ሰው፣ ውሃ እንዲጠልቁ ጠየቀ። ባዕድ በነካቸው ቁጥር ወንዝ ሲወርዱ የኖሩ ሰዎች፣ አሁን ባዕድ እናንተ ናችሁ ተብለው ውሃ ግቡ ተባሉ። በ1985 ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ።