የዘገየ ብዕር፤ የሐዲስ ዓለማየሁ የሕይወት ታሪክ

ከፍኖተ ሰላም ተነሥታችሁ ወደ ቡሬ ስትጓዙ፣ ግራና ቀኝ የበቆሎ፣ የጤፍና የበርበሬ ማሳ እያያችሁ ከአንዲት አነስተኛ ከተማ ትደርሳላችሁ። ስሟ ማንኩሳ ይባላል። በምዕራብ ጎጃም ማንኩሳን የሚመስሉ ከተሞች ብዙ ናቸው። ነገር ግን አንድም ቀን በእግሩ ያልረገጣት ብዙ ኢትዮጵያዊ ማንኩሳን በስም ያውቃታል። ይህም የሆነው በ1958 ዓ.ም. የታተመው ፍቅር እስከ መቃብር የተባለው ልብ ወለድ ታሪክ ከዚያች ስፍራ ስለሚጀምር ነው።

የመጽሐፉ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። መጽሐፉ ሲታተም የ56 ዓመት ሰው ነበሩ። ይህን ቁጥር ልብ በሉት። ከእናንተ መካከል አንድ ድርሰት ጀምሮ፣ በእርሻ ሥራ ወይም በሕመም ምክንያት አቋርጦ፣ ከዚያ ወዲያ ጊዜው አልፎብኛል ብሎ ደብተሩን የዘጋ ተማሪ ካለ፣ ይህ ታሪክ በተለይ ለእርሱ ይጠቅመዋል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ዓለማየሁ ሰሎሞን፣ እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ዓለሙ ይባላሉ። እንደ ዘመኑ ልማድ ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክርስቲያን ነበር። ከዚያም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ እየተዘዋወሩ ቅኔ ተማሩ። በቅኔ ቤት ተማሪው በየጊዜው አዲስ ቅኔ አስቦ ለመምህሩ ያቀርባል እንጂ የትናንቱን አይደግምም። ወጣቱ ሐዲስ ቃልን መምረጥና ሐሳብን ማጠንጠን የለመዱት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው።

ኋላም ወደ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ። በዚያው በወጣትነታቸው የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ የተሰኘ ቲያትር ጻፉ። ወደ ጎጃም ተመልሰውም በደብረ ማርቆስ መምህር፣ በዳንግላ ደግሞ የጉምሩክ ሹም ሆኑ። በዚያ ዘመን ከደብረ ማርቆስ ወደ ዳንግላ የሚጓዝ ሰው በደምበጫና በቡሬ በኩል ያልፍ ነበር። እንግዲህ ብዕራቸው ተስሏል፤ አገሩንም አውቀውታል። ለመጻፍ የቀራቸው ነገር ጊዜ ብቻ ይመስል ነበር።

ጊዜው ግን አልተገኘም። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ሐዲስ ዓለማየሁ በራስ እምሩ ሠራዊት ውስጥ ሆነው ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ግንባሩ ከተፈታም በኋላ ራስ እምሩን ተከትለው በምዕራብ ኢትዮጵያ ትግሉን ቀጠሉ። በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተማረኩ። ከዚያ ወደ ኢጣልያ ተግዘው፣ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶችም ጭምር ወደ ሰባት ዓመት ያህል ታሰሩ። ሲማረኩ የ27 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፤ የተባበሩት ኃይሎች ኢጣልያ ገብተው ነፃ ሲያወጧቸው ግን ዕድሜያቸው ወደ 34 ተጠግቶ ነበር። ይህ ዘመን አንድ ሰው ጉልበቱም አእምሮውም ሙሉ የሚሆንበት የዕድሜ ክፍል እንደ ሆነ አስቡ።

አገራቸው ከገቡ በኋላም ዕረፍት አላገኙም። የተማረ ሰው ቁጥር ያነሰበት፣ የሚሠራው ሥራ የበዛበት ወቅት ነበርና መንግሥት ለውጭ ጉዳይ ሥራ አሰማራቸው። በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ፤ በዋሽንግተን በኢትዮጵያ ለጋሲዮን አገለገሉ፤ ቆይተውም በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያ ቋሚ መልእክተኛ፣ ቀጥሎም የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። የቢሮ ደብዳቤና የጉባኤ ንግግር የሚጽፍ እጅ ለሌላ ጽሑፍ ትርፍ ጊዜ ማግኘት እንደሚቸግረው ግልጽ ነው።

ታዲያ ብዕራቸውን እንዴት መልሰው አነሡት? መልሱን ከሥራዎቻቸው ቅደም ተከተል እንረዳለን። በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት ተረት ተረት የመሠረት የተባለ የተረት መጽሐፍ ነበር። ተረት ማንኛውም ልጅ በምድጃ ዳር ከእናቱና ከአያቱ የሚሰማው ነገር ነው። ከብዙ ዓመት መቋረጥ በኋላ ትልቅ ልብ ወለድ በአንድ ጊዜ መጀመር የከበደው ደራሲ፣ ከልጅነቱ በሚያውቀው ነገር እጁን ማፍታታት ይችላል። ዋናው ሥራቸው የታተመው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ ነው።

ፍቅር እስከ መቃብርን ያዘጋጁት ደግሞ ሥራቸውን ለቀው አልነበረም። በ1950ዎቹ በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሳሉ፣ ከጎጃም ምድር እጅግ ርቀው፣ የማንኩሳንና የዲማን ሕይወት በወረቀት ላይ አሰፈሩ። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተሳሉትን በዛብህን፣ የባላባት ልጅ የሆነችውን ሰብለ ወንጌልን፣ የዘመኑን ሥርዓት የሚነቅፈውን ጉዱ ካሣን፣ በጌታቸው ላይ የሚያምፁትን ገበሬዎች ስታነቡ፣ ደራሲው በወጣትነታቸው ያዩትና የሰሙት ሁሉ እንዳልጠፋባቸው ትገነዘባላችሁ። የቆሎ ተማሪነትን የሚያውቁት ኖረውበት ነው። መጽሐፉ ኋላ በተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ እንኳ ታሪኩን በጆሮው ለማግኘት በቃ።

ሐዲስ ዓለማየሁ በዚህ አላበቁም። ወንጀለኛው ዳኛን በ1974 ዓ.ም.፣ የልም እዣትን በ1980 ዓ.ም. አሳተሙ። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ የጦርነቱንና የእስራቱን ዘመን የሚያስታውሱበት ትዝታ የተሰኘ መጽሐፋቸው ወጣ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 83 ነበር። ከመጻፍ ያገዷቸው እነዚያ የእስራት ዓመታት፣ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆይተው ራሳቸው የመጽሐፍ ርእስ ሆኑ ማለት ነው። ደራሲው በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛው፣ ከጽሑፍ ርቃችሁ የምታሳልፉት ጊዜ በከንቱ የሚባክን አይደለም። አጨዳ ላይ የምትሰሙት ዘፈን፣ በቡሬ ገበያ የምታዩት ክርክር፣ በሕመም ወራት የታዘባችሁት ነገር፣ ልብ ካላችሁት ለድርሰታችሁ ስንቅ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ስንቅ ብቻውን ድርሰት አይሆንም። የተመቸ ጊዜ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ብዕሩን ሳያነሣ ሊያረጅ ይችላል። ሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ እስኪያልቅላቸው ቢጠብቁ ኖሮ ማንኩሳ ዛሬም በአካባቢዋ ሰዎች ብቻ የምትታወቅ ከተማ በሆነች ነበር።

ስለዚህ ያቋረጣችሁት ድርሰት ካለ ደብተራችሁን ዛሬ ማታ ግለጡት። ሁሉንም ለመጨረስ አትሞክሩ። ሴት አያታችሁ የነገሯችሁን አንድ ተረት፣ ወይም ዛሬ በመንገዳችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር፣ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ነገ ደግሞ ከዚያ ቀጥሉ።