ቢግ ማማ ቶርንተን፦ የዘፈኑ የመጀመሪያ ድምፅ፣ የትርፉ የመጨረሻ ተካፋይ

«ሃውንድ ዶግ» የተሰኘው ዘፈን በተነሳ ቁጥር በብዙዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የኤልቪስ ፕሪስሊ ስም ነው። ይሁንና ኤልቪስ ዘፈኑን በሸክላ ከማስቀረፁ አራት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1952፣ ዘፈኑ ለአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ታስቦ ተደርሶ በእርሷ ድምፅ ተቀርፆ ነበር። ይህች ድምፃዊት ዊሊ ሜይ ቶርንተን ስትሆን፣ በመድረክ ስሟ ቢግ ማማ ቶርንተን ትባላለች። የሕይወት ታሪኳ አንድ ሰው በድምፁ የፈጠረው ሀብት በምን መንገድ ከእጁ ሊወጣ እንደሚችል በግልጽ ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቶርንተን የተወለደችው ታኅሣሥ 11 ቀን 1926 በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል፣ በአላባማ ግዛት ነው። ዘመኑ ጥቁሮችና ነጮች በትምህርት ቤት፣ በመጓጓዣና በመዝናኛ ስፍራ ሁሉ በሕግ የሚለያዩበት ነበር። አባቷ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ፣ እናቷ ደግሞ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበሩ። ገና በአሥራዎቹ የዕድሜ ክልል ሳለች እናቷ በሞት ተለዩአት። በዚህም ምክንያት ትምህርቷን አቋርጣ በአንድ መጠጥ ቤት ወለል እየጠረገችና የምራቅ መትፊያ ዕቃዎችን እያጠበች እንጀራዋን መፈለግ ጀመረች።

ብዙም ሳይቆይ ሳሚ ግሪን የተባለ ሰው ከሚመራው ተዘዋዋሪ የሙዚቃና የትርኢት ቡድን ጋር ተቀላቀለች፤ ለሰባት ዓመታት ያህልም የደቡብ ግዛቶችን ከተማ ለከተማ ዞረች። ሙዚቃን በትምህርት ቤት አልተማረችም። ከበሮ መምታትንም ሆነ ሃርሞኒካ መንፋትን ያወቀችው ሌሎች ሲጫወቱ በማየትና ለብቻዋ በመለማመድ ነው። መድረኩ ግን ብርቱ ትምህርት ቤት ሆነላት፤ ያለ ድምፅ ማጉያም ቢሆን አዳራሽ የሚሞላ ወፍራምና ሻካራ ድምፅ ይዛ ወጣች።

በ1948 በቴክሳስ ግዛት ሂዩስተን ከተማ ተቀመጠች። በ1951 ዶን ሮቢ ከተባለው የፒኮክ ሙዚቃ አሳታሚ ባለቤት ጋር ውል ተፈራረመች። ሮቢ ራሱ ጥቁር ነጋዴ ነበር፤ ነጮች በተቆጣጠሩት ገበያ ውስጥ የራሱን ኩባንያ ማቆሙ በዘመኑ እንደ ትልቅ ድል የሚቆጠር ነው። በሌላ በኩል ግን የዘፈን መብቶችን በአነስተኛ ገንዘብ እየገዛ ዴድሪክ ማሎን በሚል የብዕር ስም በራሱ ያስመዘግብ እንደነበር በሙዚቃው ዓለም የታወቀ ነው። ቶርንተን «ቢግ ማማ» የሚለውን ቅጽል ያገኘችው በ1952 በኒው ዮርኩ አፖሎ ቴአትር ስትጫወት ነው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የሙዚቃ ቡድን መሪው ጆኒ ኦቲስ ሁለት ወጣት ደራሲዎችን ወደ ልምምድ ጠራ። ጄሪ ሊበርና ማይክ ስቶለር ሁለቱም የ19 ዓመት ልጆች ነበሩ። የቶርንተንን አቋምና ድምፅ እንዳዩ ወጥተው በሩብ ሰዓት ገደማ «ሃውንድ ዶግ»ን ጽፈው ተመለሱ። ርዕሱ አዳኝ ውሻን ቢጠቅስም፣ ዘፈኑ ስለ ውሻ አይደለም። አንዲት ሴት በእርሷ ጫንቃ ላይ ሊኖር የሚፈልገውን ሰነፍ ወንድ ከደጇ የምታባርርበት የብሶትና የፌዝ ዘፈን ነው። ነሐሴ 13 ቀን በሎስ አንጀለስ ሲቀረፅ ኦቲስ ራሱ ከበሮ መታ፤ ቶርንተን ደግሞ በወረቀት ላይ ያልነበሩ ማጉረምረሞችንና ጩኸቶችን ጨመረችበት። ዘፈኑን ሕይወት የዘራበትም ይኸው የአዘፋፈን ስልቷ ነው።

ሸክላው በ1953 መጀመሪያ ላይ ገበያ ላይ ሲውል በቢልቦርድ መጽሔት የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ ለሰባት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቅጂም ተሸጠ። ቶርንተን በኋለኞቹ ዓመታት ደጋግማ እንደተናገረችው ግን፣ ከዚህ ሁሉ ሽያጭ ለእርሷ የደረሳት አንድ የ500 ዶላር ቼክ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደዚህ ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት የዘመኑን ሕግ ማየት ያስፈልጋል። በ1909 የወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ባለቤትነትን የሚሰጠው ለግጥሙና ለዜማው ነበር። አንድ ዘፈን አንድ ጊዜ በሸክላ ከወጣ በኋላ፣ ማንኛውም ድምፃዊ ለመብቱ ባለቤት በእያንዳንዱ ቅጂ ሁለት ሳንቲም እየከፈለ ዳግም ሊያስቀርፀው ይችል ነበር። ለመጀመሪያዋ ዘፋኝ ግን ምንም መክፈል አይጠበቅበትም ነበር። የአዘፋፈን ስልቷ፣ የድምፅዋ ለዛና በቅጽበት የፈጠረቻቸው ጭማሪዎች በሕግ ፊት የማንም ንብረት አልነበሩም። የድምፅ ቅጂ ራሱ የፌዴራል ሕግ ጥበቃ ያገኘው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1972 ነው።

ይህ ልዩነት ወዲያውኑ በተግባር ታየ። ሸክላው በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሜምፊሱ ሰን ኩባንያ በዚያው ዜማ ላይ ሌላ ግጥም አስገብቶ በሩፈስ ቶማስ ድምፅ አሳተመ። ሮቢ በፍርድ ቤት ከስሶ ረታ። ክሱ ግን የቆመው በአሳታሚው መብት ላይ እንጂ በድምፃዊቷ መብት ላይ አልነበረም።

በ1956 ኤልቪስ ፕሪስሊ በላስ ቬጋስ አንድ የነጮች የሙዚቃ ቡድን ዘፈኑን ግጥሙን ለውጦ ሲጫወት ሰማ። ሐምሌ 2 ቀንም በኒው ዮርክ በዚያው በተለወጠው ግጥም አስቀረፀው። በአሜሪካ አጠቃላይ ሰንጠረዥ ለ11 ሳምንታት አናት ላይ ከተቀመጠ በኋላ በሚሊዮኖች ተሸጠ። ኤልቪስ የጣሰው ሕግ አልነበረም፤ ደራሲዎቹም ድርሻቸው ተገባቸው። ሕጉ ያላወቃት የዘፈኑ ባለሟል ቶርንተን ብቻ ነበረች።

በዚህ መካከል የራሷ ዕድል እየዘቀጠ ሄደ። በ1954 የገና ምሽት በሂዩስተን በተካሄደ ዝግጅት ላይ የሙያ ባልደረባዋ ጆኒ ኤስ ከመድረክ ጀርባ በሽጉጥ ሲጫወት ራሱን መትቶ ሞተ። ቶርንተን በክፍሉ ውስጥ ነበረችና የዓይን ምስክር ሆነች። ሮክ ኤንድ ሮል የወጣቱን ጆሮ ሲማርክ የእርሷ ዓይነት ሙዚቃ ገበያው ቀዘቀዘ፤ በ1957ም ከፒኮክ ጋር የነበራት ውል አበቃ። ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግራም በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባሉ አነስተኛ ክለቦች እየዘፈነች ኑሮዋን ገፋች።

በ1965 ከአሜሪካ የብሉዝ ሙዚቀኞች ጋር ወደ አውሮፓ ተጉዛ በታላላቅ አዳራሾች ዘፈነች፤ አርሁሊ የተባለው ኩባንያም በለንደን ድምፅዋን ቀርፆ አሳተመ። ሀገሯ የረሳቻት ድምፃዊት በባሕር ማዶ አድማጭ በክብር ተቀበላት።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቶርንተን «ቦል ኤንድ ቼይን» የተባለ ዘፈን ራሷ ደርሳ ነበር። በዚህ ጊዜ የ«ሃውንድ ዶግ» ምክንያት ሊነሳባት አይችልም፤ ደራሲዋ እርሷ ናትና። ወጣቷ ነጭ ድምፃዊት ጃኒስ ጆፕሊን ዘፈኑን ሰምታ ፈቃድ ጠየቀች፤ እርሷም ፈቀደች። ጆፕሊን በ1967 በሞንተሬይ የሙዚቃ ፌስቲቫል ባቀረበችው ጊዜ ዝናዋ ናኘ፤ በቀጣዩ ዓመትም ዘፈኑ ከፍተኛ ሽያጭ ባገኘ አልበም ውስጥ ተካተተ። ነገር ግን ቶርንተን ቀደም ብላ ዘፈኑን ያስቀረፀችበት አነስተኛ ኩባንያ ቅጂውን ሳያሳትም መብቱን ይዞት ቀርቶ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ደራሲ ስላልሆነች ተቀረች፤ በሁለተኛው ደግሞ ደራሲ ሆና ሳለ ወረቀቱ በሌላ እጅ ስለነበረ ተቀረች። ጆፕሊን ግን የዘፈኑን ባለቤት ስም ከመጥራት አልቦዘነችም።

የዘመናት መጠጥና ድካም ጤናዋን አጎሳቆለው፤ በመኪና አደጋም ክፉኛ ተጎዳች። ያም ሆኖ በ1979 በሳን ፍራንሲስኮ የብሉዝ ፌስቲቫል ወንበር ላይ ተቀምጣ ዘፈነች። ግዙፍ የነበረ ሰውነቷ ከስቶ፣ ሐምሌ 25 ቀን 1984 በሎስ አንጀለስ በአንድ የኪራይ ማረፊያ ቤት ውስጥ በ57 ዓመቷ አረፈች። የቀብር ሥርዓቷን የመራው ያ የቀድሞው የቡድን መሪዋ፣ በኋላ ሰባኪ የሆነው ጆኒ ኦቲስ ነበር። በኢንግልውድ መቃብር ያረፈችውም ከሌሎች ሰዎች ጋር በጋራ መቃብር ነው።

በሞተችበት ዓመት ስሟ በብሉዝ የዝነኞች መዝገብ ገባ። የሮክ ኤንድ ሮል የዝነኞች አዳራሽ ውለታዋን ያወቀው ግን በ2024፣ ካረፈች ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ክብሩ ለስሟ ተመልሷል፤ የላቧ ዋጋ ግን በሕይወት ሳለች በእጇ ሊገባ ይገባው ነበር። ሙያ ብቻውን ባለሙያውን እንደማይጠብቅ፣ ፊርማ ከመስፈሩ በፊት የውሉ ቃል በሚገባ መነበብ እንዳለበት፣ ሕግም ውሉን ለማንበብ ዕድል ያላገኘውን ሰው ማሰብ እንደሚገባው የዊሊ ሜይ ቶርንተን ሕይወት ዛሬም ያስተምራል።