ደም ቈጣሪውን መኪና የሠራው ዋለስ ኩልተር

በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ትኵሳት የያዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ፥ ከጣቱ የተወሰደችው የደም ጠብታ በመስተዋት ላይ ተዘርግታ በማይክሮስኮፕ ትመረመራለች። ባለሙያው አጐንብሶ መስተዋቱን ጥቂት በጥቂት እየገፋ የወባን ተውሳክ ይፈልጋል። ተራ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ብዙ ነው፤ ዓይን ደግሞ ይደክማል። የደከመ ዓይን የሳተውን ሐኪሙ ሊያውቀው አይችልም። እንዲህ ያለውን ድካም ተመልክቶ ከሥራው ከፊሉን ለመኪና ያስረከበውን ሰው ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን።

ዋለስ ኩልተር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1913 አርካንሳስ በተባለው የአሜሪካ ክፍል ተወለደ። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው።) የኤሌክትሪክ ነገር ይማርከው ስለ ነበር በጆርጅያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማረ፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን በአገሩ የወረደው የገንዘብ ችግር ሳይፈጽም አስወጣው። በ1935 የራጅ መሣሪያ የሚሸጥና የሚጠግን ሠራተኛ ሆኖ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጠረ፤ ሥራውም እስከ ሩቅ ምሥራቅ አደረሰው።

በየሆስፒታሉ ሲዞር ያየው አንድ ነገር ከልቡ አልወጣም። ይኸውም የላቦራቶሪ ሠራተኞች በማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተው የደም ሴሎችን አንድ በአንድ ሲቈጥሩ መዋላቸው ነው። በጤነኛ ሰው ደም በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ውስጥ አምስት ሚሊዮን ያህል ቀይ ሴል ሲኖር፥ በዓይን የሚቈጠረው ጥቂት መቶ ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ በስሌት ይገመታል።

ከጦርነቱ በኋላ ኩልተር በቺካጎ በቤቱ ምድር ቤት ሙከራ ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የደም ሴል ግን እንደ ውሃው አያስተላልፍም። ስለዚህ ደሙ በጨው ውሃ ቀጥኖ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ፥ እያንዳንዱ ሴል ኤሌክትሪኩን ለቅጽበት ያግደዋል። እግዱን የቈጠረ ሴሉን ቈጠረ፤ የእግዱም ትልቅነት የሴሉን መጠን ያሳያል። የመጀመሪያው ቀዳዳ የተበሳው ከሲጋራ ፓኮ በተገኘ ሴሎፎን ላይ በጋለ መርፌ ነበር። ለሙከራ ያዘጋጀው ቀለም በብርድ ቢረጋበት፥ የራሱን ደም እንደ ተጠቀመ ይነገራል።

የሕግ ጠበቆች ግን ቀዳዳ የፈጠራ መብት አያሰጥም እያሉ መለሱት። እርሱ አልተመለሰም፤ በ1953 መብቱን አገኘ። መኪናውም በሴኮንድ ከ6000 በላይ ሴል ይቈጥር ነበር። ሆኖም ወዲያው አልታመነም፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም መርምሮ ካረጋገጠው በኋላ ውጤቱ በ1956 ታተመ። በ1958 ከወንድሙ ከጆሴፍ ጋር ኩባንያ አቋቋመ። ሚስት ሳያገባ ዕድሜውን በሥራ ፈጽሞ በ1998 ዐረፈ።

ዛሬ መስተዋቱን ራሱ እየገፋ፥ ራሱ ፎቶግራፍ እያነሣ ተውሳክ የሚፈልግ ማይክሮስኮፕ ተሠርቷል። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወጣትም ሆነ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የተመደበው አዲስ ሹም እንዲህ ያለውን መኪና ለመጀመር ቢመኝ፥ ምኞቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከዋጋው ዝርዝር በፊት እንደ ኩልተር ከባለሙያው አጠገብ ቁጭ ብሎ ይዋል። የትኛው ሥራ እየተደጋገመ ዓይን እንደሚያደክም፥ የትኛው ደግሞ ማስተዋል እንደሚሻ ይለይ። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ፥ መድኃኒቱና መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ፥ ማን እንደሚጠግነው ይጠይቅ። መኪናው ሲመጣም ያንኑ ደም መኪናውም ባለሙያውም እየመረመሩ ውጤታቸው ይነጻጸር። ይህ ካልሆነ መኪናው አቧራ ለብሶ ይቀመጣል፤ ባለሙያውም እንደ ቀድሞው አጐንብሶ ይውላል፤ ትኵሳት ይዞት ከበሩ የተቀመጠው ሰው ግን ጕዳቱን ብቻውን ይሸከማል።