ቪክቶር ጎልድሽሚት፦ አመድን የመረመረ ሳይንቲስት

የድንጋይ ከሰል ነዶ ካለቀ በኋላ የሚቀረው አመድ ለብዙ ሰው ተጠርጎ የሚደፋ ነገር ነው። ቪክቶር ሞሪትዝ ጎልድሽሚት ግን ከዚያ አመድ ትልቅ ዕውቀት አገኘበት።

ጎልድሽሚት እ.ኤ.አ. በ1888 በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የኬሚስትሪ ምሁር ነበሩ። በ1901 ቤተሰቡ ወደ ኖርዌይ ተዛወረ። ቪክቶር በትምህርቱ ብርቱ ስለነበር በ23 ዓመቱ የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ፤ በ26 ዓመቱም ፕሮፌሰር ሆነ።

ዕድሜውን ሙሉ የተከታተለው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በምድር ውስጥ የት ይገኛል፣ ለምንስ እዚያ ሊገኝ ቻለ የሚል ነው። ንጥረ ነገሮችን ከብረት ጋር የሚስማሙ፣ ከድኝ ጋር የሚስማሙ፣ ከዓለት ጋር የሚስማሙ እና በአየር ውስጥ የሚገኙ ብሎ በአራት ከፈላቸው። በዚህ ሥራው ከጂኦኬሚስትሪ አባቶች አንዱ ለመባል በቅቷል።

በ1929 በጀርመን አገር ወደ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እዚያም ከባልደረቦቹ ጋር የድንጋይ ከሰል አመድን መረመረ። በአመዱ ውስጥ ጀርማኒየም፣ አርሴኒክ፣ ቤሪሊየምና ሌሎችም በተራ ዓለት ውስጥ ካላቸው መጠን በልጠው ተገኙ። ከሰሉ ጥንት ዛፍና ቅጠል እንደነበር እናውቃለን። ጎልድሽሚት ሲያስረዳ፣ ዛፎቹ ንጥረ ነገሮቹን ከአፈር በሥራቸው ይስባሉ፤ ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ንጥረ ነገሮቹ በላይኛው አፈር ውስጥ ይጠራቀማሉ አለ።

ይህ ዕውቀት ለጤናችን ይጠቅማል። አርሴኒክና ሜርኩሪ ከድኝ ጋር ስለሚስማሙ፣ በከሰል ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኙት ፓይራይት በተባለው የብረትና የድኝ ማዕድን ውስጥ ነው። ፓይራይት ከውሃ አምስት እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ከሰል ግን ከውሃ ብዙም አይከብድም። ስለዚህ ከሰሉ ተሰባብሮ ሲታጠብ ከባዱ ማዕድን ይዘቅጣል፤ መርዙም አብሮት ይወጣል። እናቶቻችን እህል በሰፌድ ሲያንገዋልሉ ጠጠሩን ከፍሬው የሚለዩት በዚሁ ዘዴ ነው። ጀርማኒየም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ከከሰሉ ጋር የተዋሐደ ስለሆነ፣ ሊጥ ውስጥ እንደገባ ጨው በማጠብ አይለይም። ደቃቅ ሆኖ በከሰሉ ውስጥ የተበተነ ፓይራይትም እንዲሁ ያስቸግራል። እንግዲህ ከሰልን ለማጽዳት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የጎልድሽሚትን ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ ንጥረ ነገሩ ያለው የት ነው?

በ1935 ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የሚያደርሱት በደል ስለበረታ ጎልድሽሚት ሥራውን ለቆ ወደ ኖርዌይ ተመለሰ። መከራው ግን ተከተለው። በ1940 ጀርመን ኖርዌይን ወረረች፤ በ1942 ታሰረ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 26 ቀን ከ500 በላይ አይሁዶች ወደ አውሽዊትዝ ለመወሰድ በኦስሎ ወደብ መርከብ ላይ ሲጫኑ እሱም ከእነሱ ጋር ነበር። ባልደረቦቹ ዕውቀቱ ለአገር እንደሚያስፈልግ ተከራክረውለት ስለነበር በመጨረሻዋ ሰዓት ተለቀቀ። በመርከቡ ከተወሰዱት አብዛኞቹ ተገደሉ።

በወሩ ተደብቆ ወደ ስዊድን ተሻገረ፤ በ1943 ብሪታንያ ገባ። ጤናው ቢታወክም በስደት አገር ስለ አፈር መመራመሩንና መጽሐፉን መጻፉን አላቋረጠም። በ1946 ወደ ኦስሎ ተመልሶ በ1947 በ59 ዓመቱ ዐረፈ። መጽሐፉ በሌሎች እጅ ተሰናድቶ በ1954 ታተመ።

ተማሪዎች ሆይ፣ በዚያች ቀን በወደቡ ላይ የቆሙት ሁሉ ሕይወታቸው እኩል ክቡር ነበረ፤ የተረፉት ግን ጥቂት ናቸው። ጎልድሽሚት የተረፈለትን ዕድሜ ለሥራ አዋለው። እኛም ያለንን ጊዜ እንደዚሁ እንጠቀምበት።